የእንዳየሱስ ኮረብታ መዝገብ

(በመቀሌ በተካሄደው የተመራቂዎች ማኅበር መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ስለ ሙያዬ እንድናገር ነበር የጠየቁኝ። እኔ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። ስለ ኮንክሪት ሃያ ደቂቃ ባወራ ግማሻችሁ ቡና ልጠጣ ብላችሁ ትወጣላችሁ፤ ስለዚህ አስፈቅጄ ርዕሴን ቀየርኩ። የምናገረው ስለ ጨዋታ ነው። በኮምፒውተር፣ በኢንተርኔት የሚጫወቱት የድሮ ጦርነት ጨዋታ። መምህራኖቻችን ፈገግ ስትሉ አያለሁ። «ለካ ያኔ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋው ለዚህ ነበር» እያላችሁ መሆን አለበት። ልክ ናችሁ፤ ለዚህ ነበር። ግን እስክጨርስ ታገሡኝ፤ መጨረሻው ጨዋታ አይደለም።

በ2005 ዓ.ም የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ዶርማችን ውስጥ አንድ ልጅ ላፕቶፕ ነበረው። በላፕቶፑ ላይ «ማውንት ኤንድ ብሌድ» የሚባል ጨዋታ፣ ከሱም ጋር እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው «ናፖሊዮኒክ ዋርስ» የሚባለው ተጨማሪ ክፍል ተጭኖ ነበር። ይኼ ሁሉም እንደፈለገ እየሮጠ የሚተኩስበት ዓይነት ጨዋታ አይደለም። ከየአገሩ የመጡ ከመቶ በላይ ሰዎች አንድ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ፤ እያንዳንዱ ሰው አንድ ወታደር ነው። ነገሩን ከልብ የያዙት ደግሞ ሬጅመንት ይመሠርታሉ። በእውነት የነበረ ሬጅመንት ይመርጣሉ፣ ቁጥሩንና የደንብ ልብሱን ይወስዳሉ፣ ማዕረግ ይሰጣጣሉ፣ በሳምንት አንድ ምሽት ተሰብስበው ይሰለጥናሉ። ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይቆማሉ፤ አዛዡ «ተኩስ» ሳይል የተኮሰ ሰው ይገሠጻል።

መጀመሪያ ያየሁ ዕለት «ምነው እነዚህ ሰዎች ሜዳ ላይ ተገትረው ይሞታሉ? ዛፍ የለም እንዴ?» አልኩ። በኋላ ነው ምክንያቱ የገባኝ። የፈረንሳይ እግረኛ የያዘው የ1777 ሞዴል ጠመንጃ ከአፈሙዙ የሚጎረስ፣ የውስጡ ቧንቧ ልሙጥ የሆነ መሣሪያ ነበር። በደንብ የሰለጠነ ወታደር በደቂቃ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ጊዜ ይተኩሳል። መቶ ሜትር ላይ ያለን አንድ ሰው አነጣጥሮ መምታት የዕድል ጉዳይ ነው። ብዙ አፈሙዝ ጎን ለጎን ተሰልፎ አንድ ላይ ሲተኮስ ግን ዕድሉ ወደ ሒሳብ ይለወጣል። ሰልፉ ሞኝነት አልነበረም፤ የመሣሪያው ጉድለት ያመጣው መላ ነው።

እኔ የገባሁት በፈረንሳይ 5ኛ የመስመር እግረኛ ሬጅመንት ስም በሚጫወቱ ጥቂት ሰዎች ውስጥ ነው። አውሮፓ ያሉት ጓደኞቼ «ተኩስ» ሲባል ይተኩሳሉ፤ ትእዛዙ መቀሌ እስኪደርስ እነሱ ተኩሰው፣ ጎርሰው፣ ደግመው ተኩሰዋል። የኔ ወታደር ማን እንደገደለው ሳያውቅ ስንት ጊዜ እንደሞተ አልቆጥረውም። አዛዦቹ አይተው አይተው ከበሮ መቺ አደረጉኝ። «ለከበሮ መቺ መዘግየት ብዙ ጉዳት የለውም» አሉኝ። የከበሮ ድምፅ ከሰልፉ ኋላ ኋላ እየተጎተተ የሚመጣበት ሬጅመንት ካያችሁ የኛ ነበር።

5ኛው የራሱ ታሪክ አለው። በንጉሡ ዘመን ስሙ «ናቫር» ነበር። የፈረንሳይ ሬጅመንቶች ያኔ በአገርና በጌታ ስም ነው የሚጠሩት፤ ፒካርዲ፣ ሻምፓኝ፣ ኖርማንዲ እየተባሉ። አብዮቱ መጣና እ.ኤ.አ. ከጥር 1791 ጀምሮ ስሙ ቀርቶ ቁጥር ብቻ ሆነ፤ ፒካርዲ 2ኛ፣ ናቫር 5ኛ። ናፖሊዮን ከኤልባ ደሴት አምልጦ ሲመለስ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 7 ቀን 1815 ግሬኖብል አጠገብ ላፍሬ በምትባል ቦታ መንገድ ዘግቶ እንዲያስቆመው የተላከው የዚሁ የ5ኛው አንድ ሻለቃ ነበር። ናፖሊዮን በእግሩ ወደ ሰልፉ ተራመደ፤ ካፖርቱን ከፍቶ ደረቱን ሰጣቸው። አንድም ሰው አልተኮሰም። ሰልፉን አፍርሰው ተቀላቀሉት። ጨዋታችን ለዚህ ለዚህ አይመችም፤ «አልተኩስም» የሚል ቁልፍ የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። የሬጅመንታችን መሪ ፈረንሳይ ውስጥ የሚኖር የታሪክ አስተማሪ ነበር። አንድ ምሽት «ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዳችሁ የምትጫወቱት አንድ በእውነት የነበረ ሰውን ነው» አለን። የፈረንሳይ መከላከያ ሚኒስቴር «ሜሞዋር ዴ ዞም» በሚባለው ገጹ ላይ የናፖሊዮንን ዘመን እግረኛ ወታደሮች የሬጅመንት መዝገቦች ቅጠል በቅጠል ፎቶ አንስቶ አስቀምጧቸዋል። ማንም ሰው ገብቶ ያያል። በያንዳንዱ ረድፍ አንድ ወታደር አለ፤ ተራ ቁጥሩ፣ ስሙ፣ የአባቱና የእናቱ ስም፣ የተወለደበት መንደር፣ ቁመቱ፣ ፊቱ፣ ግንባሩ፣ ዓይኑ፣ አፍንጫው፣ አፉ፣ አገጩ፣ ጸጉሩ። ፎቶግራፍ ባልነበረበት ዘመን ጸሐፊው ሰውየውን በቃል ፎቶ አንስቶታል።

ለኔ የደረሰኝ አጭር፣ አፍንጫው ትልቅ፣ አገጩ ክብ የሆነ የገጠር ልጅ ነው። ከልጁ ይልቅ ዓይኔ የያዘው ግን የመጨረሻው ዓምድ ነበር። እዚያ ላይ ሰውየው ከሬጅመንቱ እንዴት እንደወጣ ይጻፋል፤ ሞተ፣ ተማረከ፣ ጠፋ፣ ተሰናበተ። የኔ ሰውዬ ላይ «ለረጅም ጊዜ በመቅረቱ ከመዝገብ ተሰረዘ» ይላል። ሆስፒታል ገብቶ የቀረ፣ ወይም ተማርኮ ወሬው የጠፋ ሰው እንደዚያ ነበር የሚጻፍለት። ሞተ አይሉት፣ አለ አይሉት። ያም ሆኖ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ መቀሌ ያለ አንድ ተማሪ ስለሱ ያስባል። ምክንያቱም አንድ የሰለቸው የሬጅመንት ጸሐፊ ላባውን ቀለም ነክሮ ያንን መስመር ስለሞላ ነው።

ከተመረቅኩ በኋላ እዚሁ መቀሌ ሥራ ያዝኩ፤ ኢንተርኔቱም ትንሽ ተሻሻለ። በ2011 ዓ.ም ላይ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ጨዋታው የራሳችሁን ሜዳ እንድትሠሩ ይፈቅዳል። «ለምን የራሴን ኮረብታ አልሠራም?» አልኩ።

እንዳየሱስ ግቢ የተማራችሁ ሁሉ ኮረብታውን ታውቁታላችሁ። እኔማ በኮንቱር ነው የማውቀው። በሰርቬይንግ ትምህርት ቶታል ስቴሽን ተሸክመን፣ ፀሐይ አናታችንን እየበሳው፣ ከፍታውን ነጥብ በነጥብ ለክተነዋል። የት ጋ እንደሚገደል፣ የት ጋ እንደሚለሰልስ እጄ ያውቀዋል። አንድ ነገር ግን ያኔ አላውቅም ነበር። የለካነው ኮረብታ የ1888 ዓ.ም ጦር ሜዳ መሆኑን።

ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ባጭሩ ላስታውስ። ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም ሻለቃ ቶሴሊ አምባላጌ ላይ ከነጦሩ ከወደቀ በኋላ፣ ወደ ሰሜን ያፈገፈገው የጣልያን ጦር ሻለቃ ጁሴፔ ጋሊያኖን እንዳየሱስ ላይ ትቶት ሄደ። ቤተ ክርስቲያኑን መሃል አድርገው ምሽግ ሠርተው ነበር። ምሽጉ ውስጥ ከሺህ በላይ ሰው አለ፤ ጥቂቱ ጣልያን፣ አብዛኛው አስካሪ። ከአስካሪዎቹ ብዙዎቹ ከመረብ ማዶ የመጡ፣ ቋንቋቸውም የኛው ቋንቋ ነበር። ከውጭ መጀመሪያ ራስ መኮንንና ራስ መንገሻ ዮሐንስ፣ በኋላ ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ደረሱ። ምሽጉን በቀጥታ ለመስበር የተደረገው ጥቃት ብዙ ሰው ፈጅቶ አልሆነም። ከዚያ ነው የእቴጌ ጣይቱ ምክር የመጣው፤ ውኃውን መያዝ። ምንጩ ከምሽጉ ውጭ፣ ከኮረብታው በታች ነበር። የእቴጌይቱ ሰዎች ምንጩን ያዙት።

ቀኑን ሳሰላው አንድ ነገር አስደነገጠኝ። ምሽጉ የተለቀቀው በጥር 1888 ዓ.ም፣ ጥር 12 እና 13 ገደማ ነው። እንግዲህ የዚያ ዓመት ጥምቀት ጥር 11 ቀን ሲውል፣ ከላይ ያሉት ሰዎች በጥም ላይ ነበሩ። አገሩ በውኃ ሲባረክ፣ ኮረብታው ላይ ውኃ የለም። በመጨረሻ ድርድር ተደረገ፤ ጋሊያኖና ሰዎቹ መሣሪያቸውን እንደያዙ ወጥተው እንዲሄዱ ተፈቀደላቸው። ያ ሁሉ ጠመንጃ እየተያየ ሳይተኮስ አለፈ። ላፍሬ ያልኳችሁን እዚህ አስታውሱልኝ። ጋሊያኖ ግን ከጦርነቱ አልወጣም፤ የካቲት 23 ቀን አድዋ ላይ ሞተ።

ሜዳውን ሠራሁት። ከዶርሜ ሰርቬይንግ ደብተር ላይ ከፍታዎቹን እየገለበጥኩ፣ ምሽጉን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ምንጩን አስቀመጥኩ። ለፈረንሳዩ መሪያችን ስልክለት በጣም ደስ አለው። ቀጥሎ የጠየቀኝ ጥያቄ ግን ቀላል ነበር፤ «ዝርዝሩስ? ማን ማንን ነው የሚጫወተው?»

ለመሙላት ተቀመጥኩ። የጣልያን ወገን፤ የአገሬው ተወላጆች 3ኛ ሻለቃ፣ አዛዥ ጋሊያኖ። መኮንኖቹ በስም አሉ። አስካሪዎቹ ጋ ስደርስ የቀረኝ ቁጥር ብቻ ሆነ። በኛ ወገን ደግሞ ቁጥርም የለም፤ የራሶቹና የደጃዝማቾቹ ስም አለ፣ ከዚያ በታች «ጦራቸው» ይላል። ምንጩን በሌሊት የያዙት ሰዎች እነማን ናቸው? አላገኘሁም። ቅጥሩ ሥር የወደቁትስ? አላገኘሁም። ለኮረብታው አፈር የሴንቲሜትር መረጃ አለኝ፤ ለሞቱበት ሰዎች አንድ ረድፍ የለኝም።

ጨዋታ ሠሪዎቹ ኢትዮጵያን አልረሷትም፤ «ሲቪላይዜሽን 5» ላይ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ «መሀል ሰፋሪ» የሚባል የኢትዮጵያ ወታደር አለ፤ «ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2» ላይም ዮዲት አለች። ያ መሀል ሰፋሪ ግን ፊቱ አንድ ነው። ሺህ ብታሠለጥኑ ሺውም ያው ሰው ነው። ሠሪዎቹ ሰንፈው አይደለም። የኔ ፈረንሳዊ ከበሮ መቺ የራሱ አፍንጫ ያለው መዝገብ ስላለው ነው፤ መሀል ሰፋሪው አንድ ፊት ያለው ስለሌለው ነው።

የሚገርመው ደግሞ ሁለቱን የሚያገናኝ ቃል አፋችን ላይ አለ። ሽማግሌዎቻችን «ውጅግራ» የሚሉት ጠመንጃ የፈረንሳዮቹ «ፉዚ ግራ» ነው፤ የ1874 ሞዴል፣ የፈረንሳይ እግረኛ መደበኛ መሣሪያ። ፈረንሳይ በ1886 ወደ ለበል ስትዞር አሮጌው ግራ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በኦቦክና በጅቡቲ በኩል ወደኛ ገባ። የሬጅመንቶቹ ጠመንጃ ደረሰን፤ ስሙንም አማርኛ አደረግነው። መዝገባቸው ግን ከጠመንጃው ጋር አልመጣም።

ይኼን ሁሉ ለራሴ «የድሮ ነገር ነው» እያልኩ ነበር። ከዚያ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም መጣ።

ስለዚያ ዘመን እዚህ ላለነው መናገር አያስፈልገኝም። እያንዳንዳችን የራሳችን አለን። እኔ የምናገረው ስለ አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ነው። ኢንተርኔት ጠፋ። ስልክ በመሃል ቢመጣም ሄደ። ከዓለም ተቆረጥን። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስለ ጨዋታ አንድም ቀን አላሰብኩም፤ እውነቱን ለመናገር አሁንም የተኩስ ድምፅ ያለበትን ጨዋታ መክፈት አልችልም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ተፈረመ፤ ከወራት በኋላ ኢንተርኔት ሲመለስ ገብቼ የድሮ መልእክቶቼን ከፈትኩ። የሬጅመንቱ ዝርዝር አለ። ስሜ ላይ ደረስኩ። ከጎኑ የመጨረሻው ዓምድ ላይ እንዲህ ይላል፤ «መቀሌ ነው። ከኅዳር 2020 ወዲህ ወሬ የለም። አይሰረዝም።» በየወሩ ቀን እየተጻፈበት ታድሷል። ከሁለት ዓመት በላይ፣ ፊቴን አይቶ የማያውቅ አንድ አስተማሪ በየወሩ ያንን ረድፍ ከፍቶ «ወሬ የለም፤ አይሰረዝም» ብሎ ይጽፍ ነበር።

ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ያልወጣኝ እንባ ያኔ ወጣኝ።

በዚያው ሰሞን የአንድ የክፍላችን ልጅ እናት ቤት ለመጠየቅ ሄድኩ። ልጃቸው እስካሁን ወሬው የለም። ቡና አፍልተው አስቀመጡኝና «ወደይ፣ እናንተ ጋ ስሙ አለ?» አሉኝ። «የት ጋ፣ አደይ?» አልኳቸው። «የተማራችሁት ልጆች ጋ ነዋ። የሆነ ቦታ ተጽፏል?»

ምን ልበላቸው? የክፍላችን የቴሌግራም ግሩፕ አለ፤ ግማሹ ስልኩን ቀይሮ ጠፍቷል። የምረቃ መጽሔታችን አለ፤ እሱ ሁላችንም ጋዋን ለብሰን እየሳቅን ያለንበት ነው፣ በዚያው ነው የቆመው። «አለ፣ አደይ» አልኳቸው። ዋሸሁ። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ውሸቴን እውነት ለማድረግ ነው።

ስለዚህ ማኅበራችንን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ሐውልት አይደለም፣ ገንዘብም አይደለም። መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ባች አንድ መዝጋቢ ይምረጥ። ዓምዶቹ ስድስት ብቻ ናቸው፤ ስም፣ የትምህርት ክፍል፣ የገባበት ዓመት፣ አሁን የት እንዳለ፣ ይኼን ማን እንደነገረንና መቼ እንደተነገረን፣ በመጨረሻም መዝገቡ የታደሰበት ቀን። የሞተ ካለ ቤተሰቡ ሲፈቅድ «ሞተ» ተብሎ ይጻፋል። ወሬው የጠፋ ካለ «ወሬ የለም» ይባላል። ረድፉ ባዶ አይተውም፣ አይሰረዝምም። ውጭ አገር ያለ፣ አዲስ አበባ ያለ፣ አገሩን ጥሎ የሄደ፣ ከማንም ጋር የማይነጋገር፣ ሁሉም ይገባል።

«የማን ወገን ነበር» የሚል ዓምድ ግን የለውም። አስቤበት ነው ያስወጣሁት። እንዳየሱስ ላይ ምሽጉ ውስጥ የተጠሙት አስካሪዎችና ምንጩን የያዙት ሰዎች እርስ በርስ ቢጣሩ ይግባቡ ነበር። ዛሬ ሁለቱንም በስም አናውቃቸውም፤ ወገን መለየቱ ለማናቸውም አልጠቀመም። እኛ ደግሞ አንድ ዶርም ያደርን፣ አንድ ካፌ የተሰለፍን ሰዎች ነን፤ ከየክልሉ መጥተን እዚህ የተማርን። ዝርዝሩን የሚያሳዝነውም የሚያስከብረውም እሱ ነው።

መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር ልለምን። የሰርቬይንግ ተማሪዎችን ኮረብታው ላይ ስታወጧቸው፣ ቶታል ስቴሽኑን ከማስተከላችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ብቻ ቆማችሁ ምንጩ ወዴት እንደነበር ንገሯቸው። የታሪክ ክፍል ደግሞ በዙሪያው ካሉ አረጋውያን የአያቶቻቸውን ስም ቢያስመዘግብ፣ የ1888ቱ ዝርዝር ላይ አንድ ሁለት ረድፍ ሊሞላ ይችላል። እኔ የሠራሁትን ሜዳ በነፃ እሰጣለሁ፤ ውጊያውን አውጥቼ ኮረብታውን፣ ምሽጉንና ምንጩን ብቻ ትቼዋለሁ። ተማሪ በኮምፒውተር ገብቶ ይዘዋወርበት።

እኔ የራሴን ባች ጀምሬያለሁ። ሃምሳ ስምንት ነበርን። አርባ አንድ ረድፍ ሞልቻለሁ። አሥራ ሁለቱ ላይ «አድራሻ እየተፈለገ» ይላል። አምስቱ ላይ የጻፍኩትን ከናንተ አንዳንዶቻችሁ ታውቃላችሁ፤ እዚህ አላነበውም። የእኚያ እናት ልጅ ረድፍ ላይ «ወሬ የለም፤ አይሰረዝም» ብዬ የዛሬን ቀን ጽፌበታለሁ። ማታ ሄጄ አሳያቸዋለሁ።

ደብተሩ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ለየባቹ ባዶ ገጽ ከፍቻለሁ፣ እስክሪብቶም አለ። እኔ እስከ ምሳ ሰዓት እዚያው እቆያለሁ።